የክቡር አቶ ጸሐዩ ዳይት ሲሻር

በየመሥሪያ ቤቱ ከሰኞ ጀምሮ አዲስ ሰው የሚሆን አንድ ሰው አይጠፋም። ሰቆጣ ላይ ይህ ማዕረግ የክቡር አቶ ጸሐዩ ነው። ከደብረ ታቦር ተመድበው የመጡ የእርሻ ባለሙያ ናቸው፤ ቀበቷቸውን በየዓመቱ በምስማር ይበሱታል፣ ወደ ጫፉ።

«ከሰኞ ጀምሮ እንጀራ የለም!» ይላሉ። ይህንኑ ድርቅ ወደ መታው ሰሃላ ድረስ ወስደው፣ ዝናብ በቀረበት ማሳ ላይ ቆመው ተናገሩት። ባለማሳው ሽማግሌ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። «ጌታዬ፣ የሚተርፍዎትን ወደዚህ ቢልኩት?» አገር የእርዳታ ስንዴ በሚጠብቅበት ዓመት ከእህል መሸሽን የሚሰብክ አፍ ዝም ቢል ምን ነበረበት! ክቡርነታቸው አፈሩ፤ እስከ ምሳ ሰዓት።

ያልሞከሩት የለም። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጡ። ራት ተዉ፤ መክሰስን ግን በራት ቦታ ሾሙት። ማለዳ በእግር ወጡ፣ በባጃጅ ተመለሱ። «መሄዱ እንጂ መመለሱ ዳይት አይደለም!»

የሚጥላቸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ዳይትን እንደ ጾም ይይዙታል። አንድ ቁራሽ ዳቦ ሳያስቡት አፋቸው ከገባ፣ «በቃ፣ ተሽሯል!» ብለው እስከ እሑድ ማታ ይበላሉ።

ዘንድሮ ግን ቀልድ አልነበረም። ሐኪሙ፣ «ከፋሲካ በኋላ ስኳርዎ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን» አላቸው። አቶ ጸሐዩ ልጃቸው ሲከተብ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ ሰው ናቸው። ዐቢይ ጾምን በሥርዓት ጾሙ፤ ሰውነታቸውም ከሳ። ፋሲካንም እንደ ምንም አለፉት። ባለቤታቸው የትናየት፣ «ቆይ፣ ገና ማኅበሩ አለ» አለች።

ማኅበሩ ሐሙስ ዋለ፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ለሳምንቱ ነበር። ባለተራዋ ወይዘሮ ወለተሥላሴ የአበርገሌ ፍየል ጥብስ በእንጀራ ጠቅልለው መጡ።

«ይቅርብኝ፣ እማማ።»

«አፈር ስሆን! የቤቴን እህል ልትንቀው ነው?»

ጎረሱ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተባለና ሁለተኛው ተከተለ። አቶ ጸሐዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በቃ፣ ተሽሯል!» መሶቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ኧረ ተው! መርፌውስ?» አለች የትናየት።

«ከሰኞ ጀምሮ…» ወደ ንስሐ አባታቸው ዞሩ። «አባ፣ እስከዚያ ይፍቱኝ።»

አባ አሥራተ ማርያም የሚግጡትን አጥንት አስቀመጡ። «እኔ የምፈታው የእግዜርን ጾም ነው። አንተ የእርሻ ሰው አይደለህ? አንዲት ፍየል አጥር ጥሳ ማሳ ብትገባ ምን ታደርጋለህ?»

«አስወጥቼ አጥሩን እዘጋለሁ።»

«‹ማሳው ተበልቷል› ብለህ መንጋውን አትለቅበትም?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አቶ ጸሐዩ አልሳቁም። መሶቡን ቀስ አድርገው ገፉት፣ ውሃ አስመጥተውም እጃቸውን ታጠቡ። ሰኞን ሳይጠብቁ፣ በሐሙስ!

መርፌው ለጊዜው ቀርቷል። ከቀበቶው ጫፍ ያሉት ቀዳዳዎችም ሥራ ፈትተዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ስብከታቸው ከቀረ ወዲህ ሰቆጣ ላይ ሰኞ ጨው የላትም፤ ስለዚህ ዳይታቸውን ሊያሽር በየማኅበሩ ጉርሻ ይዞ የሚጠብቃቸው በዝቷል። እሳቸውም አንዷን ይቀበላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያጣጥማሉ፣ ሁለተኛዋ ሳትደርስ ብድግ ይላሉ።

«ፍየሏ ገብታለች፤ አጥሩን ዝጉ!»