ሊቀ ሰሌዳ እና የስምንት ቁጥር ወገብ

በየመሥሪያ ቤቱ ማንም ያልጠየቀውን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ የሕንፃውን ቧንቧ ታሪክ ያውቃል፤ ሌላው እስካሁን የተሾሙትን ኃላፊዎች ከነጠባያቸው ይዘረዝራል። ለተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት የደረሰው ግን ከሁሉም የባሰው ነበር፤ የመኪና ሰሌዳ ታሪክ የሚያውቅ ሰው።

በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ሊቀ ሰሌዳ ይባላሉ። ባልደረቦቻቸው ማዕረጉን የሰጧቸው ለማሾፍ ነው፤ እሳቸው ግን ሹመት እንደ ደረሰው ሰው ኮታቸውን ቆልፈው ተቀበሉት።

መዝጋቢዋ ዕድሏ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ጠዋት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ “ልጄ፣ የመጀመሪያው ሰሌዳ ከምን እንደተሠራ ነግሬሻለሁ?” ይሏታል። ነግረዋታል። የልጆቿን የልደት ቀን ብትረሳ እሱን አትረሳም። የመጀመሪያው ሸክላ ቅብ ብረት ነበር፤ ጠጠር ሲመታው ይላጣል። ሁለተኛው ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ቁጥር። ሦስተኛው ብረት በጠፋበት ዘመን ከተጠቀጠቀ ካርቶን ተሠርቶ፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጥ ነበር። አራተኛው ቢጫ ነው። “አራተኛው ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ!” ይላሉ ሊቀ ሰሌዳ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው። እዚህ ላይ ሲደርሱ አንዱ ሻይ ይጠማዋል፣ አንዱ ስልክ ይደወልለታል። ጉዱን እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው የለም።

በአንድ ባልደረባ ቀብር ላይ እንኳ ለቀስተኛው ሲያነባ እሳቸው ከአስከሬኑ መኪና ኋላ ጎንበስ ብለው ተገኙ። “የዚህ ሰሌዳ ቀዳዳ በእጅ ነው የተበሳው” አሉ ለሟች ሚስት፣ ያጽናኗት መስሏቸው።

ታዲያ አንድ ቀን ስድስተኛው ሰሌዳ እንደሚወጣ ተነገረ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ጫማው ይብለጨለጫል፣ ንግግሩም እንደዚያው። ናሙናው ስብሰባ ላይ ሲገለጥ ሁሉም አጨበጨበ። ሊቀ ሰሌዳ ብቻ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ ሄዱና ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

በማግስቱ አሥራ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይዘው መጡ። ኃላፊው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ስለ ሸክላ ቅብ ነበር። ሰዉ ሳቀ። መዝጋቢዋም ሳቀች።

“ጋሼ፣ ኮሚቴው ሥራውን ጨርሷል” አለ ኃላፊው።

“አሥረኛውን ገጽ አንብበው።”

“ጊዜ የለንም፣ ጋሼ።”

ሊቀ ሰሌዳ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ፣ መዝገብ ቤት ወርደው “ገቢ ሆኗል” የሚል ማህተም አስመቱበት፣ አንዱን ኮፒ ሰጥተው አንዱን ያዙ። ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ወጡ። የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ። መዝጋቢዋም በዝምታው ተደስታ ጠረጴዛቸው ላይ አበባ አስቀመጠች።

አዲሱ ሰሌዳ በወጣ በዓመቱ የመዝጋቢዋ ወንድም ታሰረ። የዳቦ ቤት ሚኒባስ ሹፌር ነው። አንድ መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ አምልጦ ነበር፤ ምስክሩ በተናገረው ቁጥር ሲፈለግ የተገኘው የወንድሟ መኪና ሆነ። የመጨረሻው ቁጥር ሦስት። እሱ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰፈር ዳቦ ሲያወርድ እንደነበር ቢምልም ማን ይስማው? ሃያ ሦስት ቀን ታሰረ። እናታቸው እህል አልቀምስ አለች።

መዝጋቢዋ ኃላፊው ዘንድ ገባች። “ምናልባት ሰሌዳው...” አለች።

“ሰሌዳው እንከን የለውም።”

“የጋሼ ማስታወሻ እኮ ነበር።”

“የትኛው ማስታወሻ?” አለ። መዝገብ ቤት ወርዳ ብትፈልገውም አልተገኘም።

ያን ጊዜ ነው የሊቀ ሰሌዳን ቤት አፈላልጋ ያንኳኳችው። ይወቅሱኛል ብላ አንገቷን ደፍታ ነገሯን ጨረሰች። እሳቸው ከቁም ሣጥን አንድ ፋይል አወጡ። “ማህተም አለው” አሉ ብቻ።

ችሎት ላይ ዳኛዋ፣ “በአጭሩ ያስረዱ” አሏቸው።

“በአጭሩ አይሆንም፣ ክብርት ዳኛ። ከመጀመሪያው ሰሌዳ ነው የሚጀምረው።”

ጀመሩ። ሸክላ ቅቡን፣ ጥቁሩን፣ ካርቶኑን። የችሎቱ ጸሐፊ አንዲት ቃል ሳታስቀር ጻፈች፤ ሻይ እጠጣለሁ ብሎ መውጣት አይቻልማ። በመጨረሻ አራተኛው ደረሰ። ያኔ ቁጥሩ እንዲያምር ተብሎ የስምንት ወገብ በግራ ጎኑ ቀጠነ፤ ከሩቅ ሦስት መሰለ። ሰው በሰው ጥፋት እየተቀጣ ዓመት ካለፈ በኋላ ሰሌዳው ሁሉ ተሰበሰበ። “ስድስተኛው ላይ ያንኑ ወገብ መልሰው አቀጠኑት” አሉ ማህተም ያለበትን ማስታወሻ አሥረኛ ገጽ ገልጠው፤ ስምንት ቁጥር ያለበትን አዲስ ሰሌዳም አዳራሹ ጥግ ድረስ ወስደው ከፍ አደረጉት። ምስክሩ እንዲያነብ ተጠየቀ።

“ሦስት” አለ ምስክሩ።

በስምንት የሚያልቀው መኪና ሲፈለግ የፊት መብራቱ ተሰብሮ ጋራዥ ውስጥ ተገኘ። ወንድሟ ተፈታ። ሰሌዳው ግን አልተቀየረም፤ ኃላፊው ደግሞ ወደ ላይኛው መሥሪያ ቤት አድጎ ሄደ። የሊቀ ሰሌዳን ስም ያነሳ የለም።

ወንድሟ በተፈታ ዕለት መዝጋቢዋ በታክሲ ልትሸኛቸው አብራቸው ተሳፈረች። ሽማግሌው ዝም አሉ። ዝምታቸው አስፈራት።

“ጋሼ፣ ያን ቀን ስብሰባው ላይ እኔም ስቄ ነበር።”

“አይቻለሁ” አሉ በመስኮቱ እያዩ። “ቀድመሽ የሳቅሽው አንቺ ነሽ።”

መኪናው ሁለት መብራት አለፈ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ተሠርቶ ሳይወጣ የቀረ አንድ ሰሌዳ ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም።”

ባለታክሲው ዞር ብሎ፣ “አቋራጩ ክፍት ነው፣ በዚያ ልውጣ?” አለ።

“አይ፣” አለች መዝጋቢዋ፣ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብላ፣ “በዙሪያው ሂድ።”