ዘንድሮ ብቻ ነው

«ዘንድሮ ብቻ ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ወሎ፣ መርሳ ከተማ ብቅ በሉ፤ በልብስ ሱቄ ደጃፍ የሚያልፉ ሼህ ሰይድ የሚባሉ፣ ግራና ከምትባል የአቅራቢያችን መንደር የሚመጡ ገበሬ አሉላችሁ።

እኒህ ሰው በሚያዝያ ማሽላ ዘሩ፤ ዝናቡ ቀረና ደረቀባቸው። ገልብጠው በሐምሌ ጤፍ ዘሩበት፤ ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የሽምብራ ዘር ተሸክመው ከገበያ ሲመለሱ አገኘኋቸው። የአንድ መሬት፣ የአንድ ዓመት እርሻ ነው የማወራችሁ! መሬቱ ራሱ ምን እንደሚያበቅል ግራ አይገባውም ትላላችሁ?

«አብሽር፣ ዘንድሮ ብቻ ነው» አሉኝ።

«አምናም ካቻምናም እንዲሁ ብለውኝ ነበር እኮ። ባለሙያዎቹ የአየር ንብረቱ ተለውጧል ይላሉ።»

«ሰምቻለሁ። ታዲያ ሁልጊዜ ነው ካልኩ፣ በምን ልቤ ልዝራ?»

ሰው እንዴት ራሱን ያታልላል እያልኩ፣ እየሳቅሁ ወደ ሱቄ ገባሁ። ሚስቴ መደርደሪያውን ታራግፋለች። ገበሬ ካላመረተ ልጁን አይድርም፤ ላለፈው ጥር ያመጣሁት የሙሽራ ልብስ ሁሉ አቧራ ጠጥቷል።

«ለከርሞ ጥርም ልታመጣ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፤ «ይሄ እኮ ዘንድሮ ብቻ ነው።»