የታነቀ እባጭ

በእኛ ቆላ በሽታ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወባና ምንም ያልሆነ። ራሱን ያመመው ወባ ነው፣ ወገቡን የቆረጠመው ወባ ነው፣ ሚስቱን ያኮረፈ ሰው ሳይቀር «ደሙ ይታይለት» ይባላል። ታይቶ ወባ ካልተገኘ ምንም አልሆነም ማለት ነውና ወደ ሥራው ይመለሳል። አትሳቁ። እናንተስ ሐኪም ቤት የምትሄዱት ጎረቤት የሚያውቀው መድኃኒት ሁሉ ካለቀ በኋላ አይደለም?

የባጃጅ ጩኸት ገና ከተማችንን ገንዳ ውሃን ባልወረሰበት ጊዜ ጋሼ አያሌው የሚባሉ ጎረቤት ነበሩኝ። ኮኪት ላይ የሰው ሰሊጥ በትራክተር ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጭናቸው ላይ ሎሚ የምታህል እባጭ ወጣች። አታምም። የማያምም ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ አይከበርም። ሎሚዋ ብርቱካን ስታክል ደማቸው ታየ፤ ወባ የለም። ወደ ትራክተራቸው ተመለሱ።

ሚስታቸው እትዬ ይታይሽ ግን ልባቸው አላረፈም። እባጩን ሲዳስሱት ይሞቃል፤ ዙሪያውን ቀድሞ ያልነበሩ ሰማያዊ ደም ሥሮች እንደ ሐረግ ይሳባሉ። «ደሙን እየጠጣው ነው» አሉ። እባብ በሚበዛበት አገር ያደጉ ናቸውና የሚያውቁት ዘዴ አንድ ነው፤ ማሰር። የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረዥም ጨርቅ፣ ቶቡን፣ ለክት ያስቀመጡትን፣ ቀደው እባጩን ከላይና ከታች ጠፈሩት። ደም ካጣ ይደርቃል ነው ነገሩ። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ «ጎንደር እንውሰዳቸው» ብል «አዝመራው ይሰብሰብ» አሉኝ ሁለቱም። በቆላ አዝመራን የሚቀድም የለም፤ ሞት እንኳ ወረፋ ይጠብቃል።

«ያማል?» ይሏቸዋል እትዬ ይታይሽ በየማለዳው እያጠበቁ።

«ምንም አይል» ይላሉ ጋሼ አያሌው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሰሊጡ ገባ። በአውቶቡስ ጎንደር ስንደርስ እግራቸው መሬት አይረግጥም ነበር። ከእባጩ ናሙና ተወሰደ፣ ራጅ ተነሡ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እትዬ ይታይሽን አጠገቧ አስቀምጣ በትዕግሥት አስረዳቻቸው።

«ነቀርሳ ነው፣ እናቴ። ከደሙ በላይ ፈጥኖ ስለሚያድግ መሐሉ አየር ያጥረዋል። የታፈኑት ሕዋሳት ግን ሁሉም አይሞቱም። ጭንቅ ሲይዛቸው ‹ደም አምጡልን› የሚል መልእክት ይረጫሉ። ያ መልእክት የደረሰው ጤነኛ ደም ሥር ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ እነሱ ያድጋል። በዚያ ይመገባል፤ በዚያው ደግሞ ወደ ሌላ አካል ይሄዳል። ሳንባቸው ላይ ደርሷል።»

«እኔ አስሬው ነበር» አሉ እትዬ ይታይሽ። «እንዲታፈን ብዬ።»

«የእርስዎ ማሰር አላመጣውም። ከመጀመሪያውም ራሱን በራሱ የሚያፍን ነገር ነው።»

«ሲታፈን ነው የሚጣራው ብለሽኛል እኮ፣ ልጄ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ አየች። ደም ሥር እንዳይበቅል የሚከለክል መድኃኒት በሩቅ አገር እንዳለ፣ ነቀርሳው ግን ውሎ አድሮ ለሱም መላ እንደሚያበጅለት ነገረችንና ማስታገሻ ሰጥታ ሸኘችን።

ጋሼ አያሌው ቤታቸው ተኝተው ይለምኑ ነበር። «እሰሪልኝ፤ ሲታሰር ይቀለኛል።» እትዬ ይታይሽ ግን አላሰሩም። እጃቸው እምቢ አለ። ባልየው እስኪሞቱ ድረስ ሚስቴ እኔን ማስታመም ሰለቻት ብለው ያዘኑ ይመስለኛል፤ እትዬ ይታይሽም ይህንኑ ያውቁ ነበር።

ሐዘኑ ሳይበርድ አንዲት የሰፈር ሴት መጣች፤ ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አግኝታለች። «ጋሼ ያን ያህል የቆዩት ስላሰሩላቸው ነው አሉ። ለእኔም እሰሩልኝ።»

እትዬ ይታይሽ እጇን ይዘው አለቀሱ። «ዛሬውኑ ጎንደር ሂጂ። በልጆችሽ ይዤሻለሁ።»

ሴትዮዋ ተቀይማ ወጣች። «ለባላቸው ያወቁትን ለእኔ ነፈጉኝ» እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው። እኔም ቤቷ ድረስ ሄጄ ለመንኋት፤ «የተማረ ሰው ማስፈራራት ይወዳል» አለችኝ። ሳንጃ ከተማ እጇ ፍቱን የሆነ አሳሪ አለች ብለዋት ስንቋን ቋጥራ ተነሣች።

ከእኛ ዘንድ ወደ ሳንጃ የሚሄድ ሰው ጎንደር ላይ ወርዶ መኪና ይቀይራል። እሷም መኪና ቀየረች።