ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አያ አዝመራው

በላስታ ምድር አንበጣ፣ በረዶና ዘር ቆጣሪ ያልወረደበት መንደር የለም። አንበጣውና በረዶው ግን ያጠፉትን አጥፍተው ይሄዳሉ።

የየትናየት አባት፣ ክቡር አያ አዝመራው፣ የትም አልሄዱም። ከላሊበላ በታች ባለችው መንደራቸው ሰው ሲያገኙ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ቆይማ፣ ይቆጠር!» ይላሉ፤ ከዚያ የሰውየውን ቅድመ አያቶች አንድ በአንድ ከመቃብር ያስነሡለታል። የኢሕአዴግ ቀበሌ መታወቂያ ሲሰጣቸው ስማቸው እስከ አያት ብቻ ተጽፎ ቢያዩ «ይሄማ ቁልምጫ እንጂ ስም ነው?» ብለው ሊመልሱት ነበር። አንዲት አሜሪካዊት ጎብኚ ደግሞ፣ ቤተሰቧ በሙሉ የሚጠራበት ስም ከየት እንደመጣ ስትፈልግ ኖራ፣ ጥንት በመርከብ አሜሪካ የገባ ቅድመ አያት እንዳገኘች በአስጎብኚዋ በኩል አጫወተቻቸው። ከልባቸው አዘኑላት።

«ሁሉም በአንድ ሰውዬ ስም ከተጠራ ማን ማንን እንደወለደ በምን ይታወቃል? ለመሆኑ የሰውየው አባት ማን ይባላል?»

አታውቅም። «ምስኪን!» አሉ።

ለየትናየት ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። በአገሩ ደንብ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ በሰባት ቤት ውስጥ የተገናኘ እኅትና ወንድም ነው። የሁሉን ዘር የሚያውቅ ሰው ልጅ ደግሞ የሁሉም እኅት ናት። ከፍላቂት የመጣው ጠያቂ በአምስተኛው ቤት ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የጋሸናው በስድስተኛው፣ ያውም ጠላው ከተጠመቀ በኋላ። ሌላ አባት ቢሆን ከአራተኛው ወዲያ ይጠፋበትና ልጁን ይድር ነበር። እኩዮቿ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ የትናየት የአባቷን እንግዶች እግር ታጥባለች።

በመጨረሻ አድማሴ መጣ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናቱ አዝላው መጠለያ ደርሳ እዚያው የሞተችበት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ ነው። የትናየት የምትወደው እሱን ነበር። በሽማግሌዎቹ ፊት «ይቆጠር!» ሲባል «አድማሴ፣ ደሴ…» አለና ቆመ። ከአባቱ ስምና ከኩልመስክ በኩል ከመምጣቱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

«ለማይቆጠር ሰው ልስጥሽ?» አሉ አያ አዝመራው፣ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ።

«አባዬ፣ ሙታኑን ሁሉ ያውቋቸዋል» አለች። «እኔን ግን አንድም ቀን አላወቁኝም።»

ከዚያ ወዲያ ለእንግዶቹ እግር ውሃ ማሞቁን ተወችው። ተስፋ መቁረጧ ለአባቷም ገባቸው። ስንቃቸውን ቋጥረው የአድማሴን ዘር ፍለጋ ኩልመስክ ሄዱ። ሲመለሱ ከስተዋል።

የንስሐ አባታቸው አባ ሀብተ ሥላሴ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «አያ አዝመራው፣ በእግዜር ፊት ነው የሚናገሩት» አሏቸው።

አያ አዝመራው መሬት መሬት እያዩ የአድማሴን ሰባት ቤት በአንድ ትንፋሽ አወረዱት። ዝምድና የለም። ተሳስተው ስለማያውቁ ማንም አልጠረጠረም፤ እልልታው ቀለጠ። የትናየት ብቻ እልል አላለችም።

«አባዬ፣ እውነት ነው?» አለቻቸው ወደ ቤት ሲመለሱ።

«አገሩ ሰው የለውም፣ ልጄ። ቤቱ ፈራርሷል። ደሴን አውቀው ነበር የሚል አንድ ሽማግሌ አልተረፈም።» በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ከደሴ ወዲያ ላሉት ስም ያወጣሁላቸው እኔው ነኝ።»

ሰው ዛሬም ልጁን ከማጨቱ በፊት «ይቁጠሩልን» እያለ ደጃቸው ይመጣል። አንዴ በሐሰት የቆጠረ ምላስ ለሌላው መቁጠሪያ አይሆንም ብለው ፈርደውበታልና፣ አያ አዝመራው «እርጅና ነው፣ ረሳሁት» ይላሉ። ያ ሁሉ እውቀት አብሯቸው ሊቀበር ነው፤ አድማሴን ያገባችው የትናየትም ይህ ያንገበግባታል። እንግዶቹ ግን አንሄድም ብለው ሲለምኑ ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት።

«ተዉአቸው» ትላለች። «አባቴ አንድም ስም አያስታውሱም።»