የብረት ቤት ተከራይ

ባሌስትራ ቀጥቃጩ ውብእሸት ትናንት ምሳውን በልቶ ወርክሾፑ ውስጥ ጋደም ባለበት ያየውን ሕልም ለጠላቱም አይመኘውም። ከመተኛቱ በፊት የሚስቱን ወንድም፣ የጥጋቡን የጭነት መኪና ባሌስትራ ፍም እስኪመስል አግሎ ውኃ ውስጥ ነክሮት ነበር። እንዲህ የተነከረ ብረት ይጠነክራል፤ ግን ተመልሶ ለዘብ ባለ እሳት ካልሞቀ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ውብእሸት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስንፍና ያዘውና «ከምሳ በኋላ» ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

በሕልሙ ብረቶች መዶሻ ይዘው ሰው ይቀጠቅጡ ነበር። እሱ ራሱ ከጤፍ ፍሬ ያነሰ፣ ከሰል ከሰል የሚሸት፣ ብረት ውስጥ ገብቶ የሚያጠነክረው ካርቦን ሆኗል። እሳቱ ውስጥ አከራዮች ተከራይ ለመለመን ተሰልፈዋል።

«ጌታዬ፣ እኔ ዘንድ ይግቡ!» አለው አንድ የጋለ ብረት ከወገቡ ጎንበስ ብሎ። «ስንግል ክፍላችን ሰፊ ነው።»

ገባ። በስምንቱ ማዕዘን ስምንት ብረቶች ቆመዋል፤ በየግድግዳው፣ በጣሪያውና በወለሉም መሐል አንድ አንድ። መካከሉ ባዶ ነው። እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ደስም አለው።

«ሲበርድስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሲበርድ ቤታችን ይጠባል፤ ካርቦን አያስቀምጥም። ግድ የለም፣ ቀስ ብሎ ከበረደ ዕቃዎን ሸክፈው ለመውጣት ጊዜ አለዎት።»

ንግግሩን ሳይጨርስ ውኃው ወረደ። ብረቶቹ በድንጋጤ ቦታ ሊቀያየሩ ተጋፉ፤ ግድግዳው መጥቶ ጎኑን ያዘው።

«ውጣ!» ብሎ ጮኸ አከራዩ፤ አንቱታው ቀርቷል።

«በየት በኩል?»

«ጎኔን ወጋኸኝ እኮ! ልሰነጠቅ ነው!»

«እኔስ መች ወደድኩ!»

ብረቱ አለቀሰ። «ትንሽ እሳት ቢጨምሩልን ኖሮ አንተም ጥቂት በጥቂት ትወጣ፣ እኔም እተነፍስ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የነከረን ሰውዬ የት ሄደ?»

ውብእሸት አፈረ። እኔ ነኝ ሊል ፈለገ፤ አፉ ግን የሚከፈትበት ቦታ አልነበረውም።

ባነነ። ላብ አጥምቆታል። ግድግዳው ባዶ ነው።

«ፈንታ! ባሌስትራው የት አለ?»

የሥራ ባልደረባው ፈንታ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ለጥጋቡ ገጠምኩለታ! የተደገፈ ሁሉ ያለቀ ነው የምትለው አንተው አይደለህ? ሲሚንቶውን ጭኖ ቁልቁለቱን ከጀመረ ቆየ። እጁ ይባረክ ብሎሃል።»

ውብእሸት ደወለ። ይጠራል። ደግሞ ደወለ፤ ይጠራል። ጥጋቡ እየነዳ ስልክ አንስቶ የማያውቅ ጥንቁቅ ሾፌር ነው።