ግማሹ በመዶሻ፣ ግማሹ በማሽን

መኪና ከመንዳት ይልቅ መኪና ማጠብ አደገኛ ነው። አትሳቁ! የሚነዳ ሰው ቢያንስ ፊት ለፊቱን ያያል። የሚያጥብ ሰው ግን... የሚያጥብ ሰው ምን እየጠራ እንደሆነ አያውቅም። ልጄም አላወቀም።

እኔ ብዙ አላወራም። ጤና ጣቢያ ክትባት ስሰጥ «ክንድ» እላለሁ፤ ክንዱ ይመጣል፤ እወጋለሁ፤ «እደግ» እላለሁ፤ አለቀ። ዛሬ ግን ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራችሁ። ፈጣሪ የሠራልኝን ዝም ብዬ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

የበኩር ልጄ ናትናኤል የጋሽ ታደለን ልጅ ሜሮንን ወዷታል። እሷም ወዳዋለች። የቀሩት ጋሽ ታደለ ናቸው። ጋሽ ታደለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾፌር ናቸው፤ ከጋምቤላ ፑኝዶ ያለውን መንገድ ጉድጓዱን አንድ በአንድ ያውቁታል። በዚህ ዓለም የሚሳሱት ለልጃቸውና ለሰማያዊ ፒክአፓቸው ነው። ማን እንደሚቀድም ጠይቄያቸው አላውቅም። መልሱን ፈርቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታቸውን መኪና ይዘው ወደ ፑኝዶ ሊወጡ ሲሉ ፒክአፓቸውን እኛ ግቢ አመጧት። እሳቸው ግቢ ማንጎ አለ። በማንጎ ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ ከሰማይ ምን እንደሚወርድ ታውቃላችሁ፤ ልጆች ወደ ላይ የወረወሩት ድንጋይ ሁሉ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት።

«እናንተ ግቢ ያለው የኒም ዛፍ ብቻ ነው» አሉኝ ቁልፉን እየሰጡኝ። «ኒም ላይ ማንም ድንጋይ አይወረውርም። እዚህ ምንም አይነካትም።»

«ምንም አይነካትም» አልኩ።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ እንደምንልክባቸው ያውቃሉ። እንደሚያውቁ እኔም አውቃለሁ። ግን ሁለታችንም ስለ ድንጋይ ብቻ አወራን። ወጉ ነው።

ልጄ ለሽማግሌዎቹ በግ ገዛ። ጾሙ ከተፈታ ወዲህ ስለሆነ ሲመለሱ ባዶ አፋቸውን አይሄዱም። በጉ አውራ ነው፤ ቀንዱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ኒሙ ሥር አሰርነው። ገመዱን ረዘም አደረግንለት፤ አዘንንለት እኮ!

ከዚያ ልጄ ተነሣና የአማቱን መኪና አጠበ። ገና አማት አልሆኑም፤ እሱ ግን በልቡ ጨርሷል። በሳሙና አጠባት። በጨርቅ አሻት። ከሱቅ አንድ ቅባት ገዝቶ መጣና ቀባት። እንደገና አሻት። የሾፌሩ በር እንደ መስታወት ሆነ። እውነት እላችኋለሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩበት።

በጉም መጣና አየ።

እኔ በሩ ላይ ያየሁት አንዲት የደከማት ሴት ነው። በጉ ያየው ግን ሌላ በግ ነው። በገዛ ግቢው! በገዛ ኒሙ ሥር! ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ አፈገፈገ። ያኛውም አፈገፈገ። አንገቱን ደፋ። ያኛውም ደፋ። ይህን ድፍረት የሚታገሥ በግ የለም።

ዷ!

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን አስቡት... ብረቱ ሲገባ የዚያኛው በግ ፊት ተጣመመ፤ ቀንዱ ሰፋ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። የበለጠ አስፈሪ ሆነ። የኛውም የበለጠ ተቆጣ። እኔና ልጄ እየጮህን ደርሰን ገመዱን እስክንይዝ ድረስ በሩ ከመሐሉ ገብቶ ገንፎ የሚበላበት ሳህን መስሏል።

ባለቤቴ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣው። ደወልኩለት።

«መኪናው ተመታ» አልኩ።

«በምን?»

«በበጉ።»

«በጉ ሞተ?»

«በጉ ደህና ነው። እሱ ነው የመታው።»

«መኪናው በጉን?»

«በጉ መኪናውን!»

«ሽማግሌዎቹን ልሰርዛቸው?» አለኝ።

ልጄ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። አስተማሪ ነው፤ ክፍል ውስጥ ጠመኔ የጠፋበት መስሎ ነበር ፊቱ። «አትሰርዝ» አልኩና ዘጋሁት።

ጋራዡ ከአስፓልቱ ገባ ብሎ ነው። አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተጨረመተ ላሜራ የሚያቃኑ ሁለት ባቲላሜራዎች ይሠራሉ። ደርቤ የሰፈራችን ሰው ነው፤ መዶሻና ከጀርባ የሚደግፍበት አንድ ድቡልቡል ብረት አለው። ኡጁሉ ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ማሽን አለው። ሁለቱ ኪራይ ይጋራሉ፤ ውኃ ይጋራሉ፤ ስለ ላሜራ ግን አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም።

ደርቤ በሩን በጣቱ ዳሰሰ። «ይሄ የመዶሻ ነው። ውስጡን ከፍቼ፣ ከኋላ ደግፌ፣ ቀስ ብዬ አግባባዋለሁ።»

«ጋሼ፣ እስከ መቼ ታግባባዋለህ?» አለ ኡጁሉ። «ማዘር፣ እኔ በሩን ሳልፈታ፣ ከውጪ እስበዋለሁ። ዝርግ! በቃ።»

«በእሳት ያነድደዋል!»

«በመዶሻ ያሳሳዋል!»

«ቆዳው ይቃጠላል!»

«ቆዳው ይለጠጣል!»

ስለ ቆዳ ሲነሣ እኔም ሐሳብ ነበረኝ፤ ግን አልጠየቁኝም።

«የትኛው ነው የሚፈጥነው?» አለ ልጄ።

«የኔ!» አሉ ሁለቱም።

ደርቤ በመዶሻው ያምናል፤ ኡጁሉ በማሽኑ ያምናል። እኔ ከፈጣሪ በቀር የማምነው ስለሌለኝ ቆሜ ጸለይኩ። ልጄ ማሽኑን መረጠ። ወጣት ወጣትን ይመርጣል።

ስለ ማሽኑ እውነቱን ልናገር፤ ወደድኩት። ብዙ አያወራም። ኡጁሉ ቀለሙን ፍቆ፣ የገባው ቦታ ላይ ትንንሽ ሚስማር በብልጭታ ያጣብቃል፤ በመንጠቆ ይዞ ይስባል፤ ብረቱ እሺ ይላል። ጥርስ የሚነቅል ሰው ነው የሚመስለው፤ ግን የሚጮህ ታካሚ የለም። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ግማሽ ደረሰ። ልጄ ፈገግ አለ። እኔም «ተመስገን» ልል አፌን ስከፍት...

መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩን አሰቡ፤ ቤንዚን የለም። የማደያውን ሰልፍ አሰቡ፤ ሰልፉ ባሮ ድልድይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ደርቤ ደስታውን እንዳናይ ፊቱን አዞረ። ጀርባው ግን ይስቅ ነበር።

«መዶሻዬ መብራት አትፈልግም» አለ።

«ከዚህ በታች ያለውን ብቻ ንካ!» አለ ኡጁሉ፤ በጠመኔም በሩ መሐል ላይ መስመር አሰመረ። «ከመስመሩ በላይ የኔ ነው። ነገ ሰው ሲያይ እንዳይቀላቀል።»

«እንዲቀላቀል አልፈልግም!» አለ ደርቤ።

እንዲህ ነው የጋሽ ታደለ በር ሁለት አገር የሆነው።

ደርቤ ጀመረ። ኪው ኪው ኪው... ይመታል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ በመዳፉ ይዳብሳል፤ ደግሞ ይመታል። ሥራው ያምራል፤ ድምፁ ግን ያዋርዳል። ከመንገዱ ያለፈ ሁሉ አንገቱን አስገብቶ አየ። ስልኬም የጮኸው ያኔ ነው። ጋሽ ታደለ ናቸው፤ ከፑኝዶ።

«የናቲ እናት፣ ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መኪናዋስ እንዴት ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጥላ ሥር ናት አይደል?»

ቀና ብዬ የጋራዡን ቆርቆሮ አየሁ። «ጥላ ሥር ናት።»

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

ደርቤ መዶሻውን አየር ላይ አቁሞ እንደ ሐውልት ቀረ።

«ሥራ ነው» አልኩ።

«ሥራ ጥሩ ነው። ቅዳሜ መጣሁ» ብለው ዘጉ።

አስተውሉልኝ፤ አንዷም ቃል ውሸት አልነበረባትም። ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ምን እንደሆኑ ለእናንተም ለእኔም ግልጽ ነው። የንስሐ አባቴ ይህን ጽሑፍ እንዳያነቡ አልጸልይም፤ እሱም ሌላ ኃጢአት ነው። የዚያን ቀን ከፈጣሪ ጋር ተስማማሁ፤ በሩ ያለ እንከን ቢወጣም ባይወጣም፣ ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ለልጄ አልነገርኩትም። እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ስቱኮ ተለጠፈ፤ ተፈቀፈቀ፤ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። የጋምቤላ ፀሐይ ቀለም ሲያደርቅ ማሽንም መዶሻም አይስተካከለውም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መኪናዋን ሁለቱም ይዘዋት መጡ። አንዱ ሌላውን ብቻውን አላመነውም።

በሩን አየሁ። ምንም የለም። ባለቤቴ ከኩሌ የመጣበትን ቦርሳ ሳያስቀምጥ ተንበርክኮ አየ።

«የትኛው በር ነው?» አለ።

አማተብኩ። በጉን ግን ከቤቱ ጀርባ ወስደን ፊቱን ወደ ጭቃው ግድግዳ አድርገን አሰርነው። ጭቃ አያበራም።

ጋሽ ታደለ የመንገዱን አቧራ ሳያራግፉ ገቡ። መኪናቸውን ዞሯት። ቆሙ። ደግሞ ዞሯት።

«ማን ነው ያጠባት?»

«እኔ ነኝ» አለ ልጄ፤ ድምፁ አልቆ።

«እንዲህ አድርጎ ያጠባት ሰው የለም» አሉ። ዓይናቸው ረጠብ አለ። ልጄ ላይ እጃቸውን ጫኑበት። ደርቤና ኡጁሉ የግቢው በር ላይ ቆመው ውኃ ይጠጣሉ፤ ሁለቱም ምስጋናው ለእነሱ መሰላቸው።

አሁን ልንገራቸው አልኩ። ግን ጋሽ ታደለ ቀደሙኝና ወደ መኪናዋ ሄዱ። ያ በር ጥንትም አልከፈት ይላል፤ ሲከፍቱት እጀታውን ስበው በጉልበታቸው ገፋ ማድረግ ልማዳቸው ነው። እጀታውን ሳቡ። በጉልበታቸው ገፋ አደረጉ።

ዷ!

በሩ መሐል ላይ ሳህን የምታህል ጉድጓድ ገባች።

ኒሙ እንኳ ቅጠሉን ያዘ።

«ጉልበቴ!» አሉ ጋሽ ታደለ። ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን አዩ። «በገዛ ጉልበቴ... መኪናዬን!» ደንግጠዋል። ትንሽ ደግሞ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ኮርተዋል።

ልጄ አየኝ። ባለቤቴ ሰማዩን ማጥናት ጀመረ። ምን እንደቀረበልኝ አያችሁት? ዝም ማለት ብቻ! ዝምታ ደግሞ ሙያዬ ነው። ልጄ ይዳራል፤ ጥፋቱ የጉልበት ይሆናል። ልቤን ያዝኩና «ጋሽ ታደለ...» አልኩ።

ሁለተኛው ቃል ሳይወጣ ደርቤና ኡጁሉ ብርጭቋቸውን ጥለው በሩ ላይ ተደፉ።

«ከመስመሩ በታች ነው!» አለ ኡጁሉ። «መዶሻህ ለጥጦት ነው!»

«ከመስመሩ በላይ ነው! ማሽንህ አንድዶት ነው!»

«ጋሼ፣ በጣትህ ለካ!»

«ጣቴን ትተህ ዓይንህን ተጠቀም!»

«የምን መስመር?» አሉ ጋሽ ታደለ።

ሁለቱም ቀና አሉ። ምን እንዳደረጉ ያኔ ገባቸው። እኔም በሕይወቴ ረጅሙን ንግግሬን አደረግሁ። «ናቲ በሩን አበራው። በጉ ራሱን አየና መታው። ላይኛውን ኡጁሉ በማሽን ሳበው፤ ታችኛውን ደርቤ በመዶሻ ቀጠቀጠው። ልነግርዎ ነበር። በስልክ ግን አልነገርኩዎትም። ይቅር ይበሉኝ።»

«በጉ የት አለ?» አሉ ጋሽ ታደለ።

ከቤቱ ጀርባ ወሰድናቸው። በጉ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም አዩት። ሁለቱ ሲተያዩ ማን እንደሚያፈገፍግ ፈርቼ ነበር። ተመለሱ። በሩን ከፍተው ከውስጥ በቡጢ ገጩት፤ ዷ! ጉድጓዷ ወጣች። ዘግተው በጉልበት ነኩት፤ ዷ! ገባች። ደግሞ በቡጢ፤ ወጣች። ባቲላሜራዎቹ እያፈሩ አዩ። ጋሽ ታደለ ልጄን አዩት። ልጄ መሬቱን አየ።

«ይህን በግ ለምን ገዛችሁት?»

መልሱን የማያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ የለም።

«ለእንግዳ ነው» አልኩ።

«ለየትኛው እንግዳ?»

«ነገ ወደ እርስዎ የሚመጡት... ሲመለሱ የሚበሉት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ደግሞ ወጉን ልጠብቅ ብዬ፣ ዛሬ እናስብበት፣ ሌላ ጊዜ ኑ እያልኩ ላመላልሳቸው ነበር ያሰብኩት።»

«ወጉ ነው» አለ ባለቤቴ።

«በተመላለሱ ቁጥር በግ ይገዛል?»

«ባዶ አፋቸውን አንሸኝም» አልኩ።

ጋሽ ታደለ ፒክአፓቸውን ቀስ ብለው ዞሯት። ሌላኛውን በር ዳሰሱ። የኋላውን መዝጊያ ዳሰሱ። የፊት ክዳኑን ዳሰሱ። ከዚያ ቁልፋቸውን ከእጄ ተቀበሉ።

«የናቲ እናት» አሉ። «ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ፤ ነገ ገና ሳይቀመጡ እሺ ብያለሁ። የቀረው የመኪናዬ ላሜራ ያስፈልገኛል።»