ሌሎች አሸነፉ

ሰው አገር ሳያገኝ ቡድን ሊያገኝ እንደሚችል አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላስብም ነበር። አገር ማለት ባንዲራና ማኅተም፣ ፓስፖርትና ጉምሩክ ይመስለኝ ነበር። ኳስ ግን ጉምሩክ አታውቅም።

በኢሕአዴግ ዘመን ነው፤ ሀዋሳ በጋሪ መሄድ ትታ ባጃጅ በባጃጅ ከሆነች በኋላ። አንድ የስፖርት ጋዜጠኛ በሬዲዮ ስለ አንድ ጉደኛ ውድድር አወራ። ዓለም «አላውቃችሁም» ያላቸው ሕዝቦች፣ አገር ነን ብለው ተቀባይ ያጡ፣ ጭራሽ አገር የሚባል ነገር የሌላቸውም ጭምር፣ ተጠራርተው የራሳቸውን የዓለም ዋንጫ ይጫወታሉ አለ። ባንዲራቸውን ይሰቅላሉ፣ መዝሙራቸውን ይዘምራሉ፣ ከዚያም እንደማንኛውም የታወቀ አገር ፍጹም ቅጣት ምት ይስታሉ።

ይህን የሰማነው እኔና ጓደኛዬ ማቲዎስ ነን፤ መሃል ከተማ፣ እሱ ሞባይል በሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ። እኔ ሳቅሁ። ማቲዎስ አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ ልንገራችሁ።

ያኔ ብሔር ብሔረሰብ የሚለው ቃል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣበት ጊዜ ነበር፤ የሰፈራችን ሰዎችም የክረምቱን የኳስ ውድድር በዚያው ልክ ሰፍተውት ነበር። ሲዳማው ከሲዳማ፣ ወላይታው ከወላይታ፣ ጉራጌው ከጉራጌ፣ ስልጤው ከስልጤ ጋር ቡድን ይሠራል። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም፤ መዋደዳችንን በኳስ ሊያሳዩ ነው። ማቲዎስ ግን አባቱ ወላይታ፣ እናቱ ሲዳማ ናቸው። በግራ እግሩ የመታትን ኳስ በረኛው ከመረብ ሲያወጣት እንጂ ስትገባ አያያትም። እንዲያም ሆኖ የአባቱ ወገኖች «አንተ እኮ ሕልምህንም የምታየው በሲዳምኛ ነው» ብለው በጨዋ ደንብ መለሱት። የእናቱ ወገኖች ደግሞ፣ እነሱም በጨዋ ደንብ፣ ልጅ የአባቱ ነው አሉት። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። እኔም አባቴ ከምባታ፣ እናቴ ጉራጌ ናትና ጎመኑ ብቻውን አልነበረም።

ማቲዎስ ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ሱቁንም ዘግቶ፣ የውድድሩ ሰብሳቢ ወደሆኑት ወደ ጋሽ ደጉ የመለዋወጫ ዕቃ መደብር ሄደ። ተከተልሁት።

«ጋሼ፣» አላቸው፣ «በዓለም ላይ አገር የሌላቸው ሰዎች እንኳ ዋንጫ አላቸው አሉ። እኛ እዚሁ ተወልደን፣ እዚሁ አድገን ቡድን እንጣ?»

ጋሽ ደጉ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ የሚሰበሰብልህ ካለ ሰብስብ አሉት። ስም ስላልነበረን፣ ዕጣ ሲወጣ «ሌሎች» ብለው ጠሩን። በዚያው ጸናብን።

ተሰበሰብን። እናትና አባቱ በአንድ ቋንቋ ያልተጣሉ ሁሉ መጣ። ለመግባባት አማርኛ አለን፤ ለመሳደብ ደግሞ ዳኛው የማይገባው ቋንቋ ሞልቶልናል። የጎደለን ደጋፊ ነበር። የማን ነን ብሎ ማን ይጩህልን? ማቲዎስ ማግባት ሲጀምር ግን ሰው አገሩን ረሳ። ከሜዳ የሚወጣውን «ማን አሸነፈ?» ይሉታል። «ሌሎች» ይላል። «እነማን ሌሎች?» «ሌሎች ናቸዋ!»

በፍጻሜው ቀን ዝናብ ነበር። የማቲዎስ እናትና የአባቱ እህቶች፣ ከወላጆቹ ሠርግ ወዲህ ጎን ለጎን ቆመው የማያውቁት ሴቶች፣ አንድ ጃንጥላ ተሻምተው ለአንድ ልጅ ሲጮኹ አየሁ። ማቲዎስም አያቸው። ዋንጫውን ካነሳን በኋላ ወደ እኛ ሳይሆን ወደዚያ ጃንጥላ ሮጠ።

እንግዲህ ያሸነፈ ዘመዱ ብዙ ነው። በዓመቱ ከተማው ሁሉ ቅልቅል ሆኖ ተገኘ። ትናንት እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው «ቅድመ አያቴ እኮ ከሌላ ናት» እያለ ይመጣል። ማቲዎስ አምበል ነውና መመርመር ጀመረ። አባትህስ? እናትህስ? አያትህስ?

አንድ ቀን ጨርቅ ነጋዴው ሸምሱ መጣ። ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ፣ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው፣ ሁሉም ስልጤ ናቸው አለ።

«እንግዲያ ይቅርታ ሸምሱ፣» አለው ማቲዎስ፣ «ይህ የሌሎች ቡድን ነው።»

«ታዲያ እኔ የት ልጫወት?» አለ ሸምሱ። «የእኛ ልጆች አያት እየፈለጉ ወደ እናንተ መጥተው፣ የእኛ ቡድን ዘንድሮ አልሞላም።»

 የማቲዎስ ፊት ተለወጠ፤ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀው ማን እንደነበር ትዝ ያለው መሰለኝ። ከዚያ ምን ቦታ ላይ እንደሚጫወት ጠየቀው። ሸምሱ ቀኝ ተመላላሽ ነኝ አለ። ቀኝ ተመላላሹ እኔ ነበርሁ። ማቲዎስ ሸምሱን አየው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እግሬን።

ማልያዬን አውልቄ ሰጠሁት። ያን ክረምት የተቀያሪ ወንበር ላይ ከረምሁ። ቅሬታ የለኝም፤ እዚያ ስቀመጥ የማን ልጅ እንደሆንሁ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።